ሁለቱን ገና በወረቀት ሰንሰለት

ውጭ አገር ልጅ ለምታሳድጉ፦ «የፈረንጅ ገና ካለፈ በኋላ የኛ ለምን ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ በቃል ለማስረዳት አትድከሙ። ባለቀለም ወረቀት ቆርጣችሁ 13 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ከልጆቹ ጋር ሥሩ። ከዲሴምበር 26 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ቀለበት ይቅደዱ። የመጨረሻው ጃንዋሪ 7፣ ገና ላይ ያልቃል። እሱን ነጭ አድርጉት፣ የነጠላ ነገር።

ደስ የሚለው፣ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀለበቶች ልክ ኳንዛ ላይ ይውላሉ። ይህ በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ነው፤ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ይከበራል። እነዚህን ሰባት ቀለበቶች በበዓሉ እንደሚበሩት ሻማዎች አንድ ጥቁር፣ ሦስት ቀይ፣ ሦስት አረንጓዴ አድርጓቸው። ሰባተኛው ሲቀደድ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው።

ዘዴው የሚጠቅመው፣ ልጅ «የቀን አቆጣጠር» የሚባል ነገር ስለማይታየው ነው። 13 ቀን ግን በእጁ ሲቀድ ይገባዋል። የኛ ገና የሚዘገየውም ለዚህ ነው፤ በድሮው የዩልዮስ እና በዛሬው የጎርጎርዮስ ካሌንደር መካከል ያለው ልዩነት እነዚሁ 13 ቀናት ናቸው።

የአይሁዶችን በዓል ሃኑካን እዚህ ውስጥ አትክተቱ፤ ቀኑ በየዓመቱ ይዞራል። ለብቻው ባለ 8 ቀለበት ሥሩለት። ደግሞ በየቀለበቱ ቸኮሌት አታንጠልጥሉ፣ ፆመ ነቢያት ገና አልተፈታም!