«ያሸበረቀ» የሚለውን ቃል በቦታው ለመጠቀም

በሐዋሳ የሠርግ ወቅት ሲደርስ የአዳራሽ ማስታወቂያዎች፣ የጥሪ ካርዶችና የፎቶ መግለጫዎች «ያሸበረቀ» የሚለውን ቃል ያለ ዕረፍት ያሠሩታል። ቃሉ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ቀሚሱም፣ ኬኩም፣ የሙሽሮቹ መኪናም እኩል «ያሸበረቀ» ሲባል አንባቢው አንዱንም በዓይነ ሕሊናው ሳያይ ያልፋል።

«አሸበረቀ» ብዙ ቀለም፣ ጌጥ ወይም ብርሃን በአንድነት ደምቆ ከሩቅ ዓይን ሲስብ የሚነገር ግሥ ነው። ስለሆነም ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት «በምን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም አብረው ይጻፉት። ሐምሌ 19 ወይም ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስዱት መንገዶች በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ አሸብርቀዋል» ማለት ሙሉ ሥዕል ይሰጣል። ብዛትም የግድ ነው፤ በካፌ ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ የተቀመጠች አንዲት ጽጌረዳ ምንም ብታምር አታሸበርቅም። የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ሲያወጣ ዛፉ «አበበ»፣ አበባውም «ፈካ» ይባላል፤ የሚያሸበርቀው በእንዲህ ያሉ ዛፎች የተሞላው ጎዳና ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የግሡ ባለቤት ነው። «ዲኮር ሠሪዎቹ አዳራሹን አሸበረቁት» የሚለው አነጋገር ጆሮ ይጎረብጣል፤ ሠሪዎቹ ያስጌጣሉ፣ አዳራሹ ያሸበርቃል። «ቀ» የምትባለዋን ፊደል መዝለልም አደገኛ ነው፤ «ከተማዋን ያሸበረ» የሚል ባነር የሚያስጠራው ደንበኛ ሳይሆን ፖሊስ ነው።

ከቅርብ የሚታይ ነገር ሲገለጽ ቃሉን ትቶ የሙያውን ስም መጥራት ይሻላል፤ በእኔ አስተያየት ብዙ መግለጫዎች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። የሐበሻ ቀሚስን ጠርዝ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ባለቀለሙ ክር ከድሩና ከማጉ ጋር በሸማኔው እጅ አብሮ ተሠርቶ ከሆነ «ጥለት» ነው፤ ሸማው ካለቀ በኋላ በመርፌ የተሠራበት ከሆነ ግን «ጥልፍ» ነው። ፋብሪካ ያተመው የአበባ ሥዕል ያለበት ጨርቅ ደግሞ «ባለ አበባ» ወይም፣ በገበያ ቋንቋ፣ «አበባ አበባ ያለው» ይባላል። ሻጭ ባለ ጥልፉን «ባለ ጥለት» ብሎ ቢያስተዋውቅ ጨርቅ የምታውቅ እናት ወዲያው ትይዘዋለች። «አበባማ» ልክ እንደ «ተራራማ» እና «ዝናባማ» ለመስክና ለአካባቢ ይስማማል፤ ለቀሚስ ሲውል ግን የተርጓሚ ቃል ይመስላል።

በጥሪ ካርድ ዳርና ዳር እየተጠማዘዘ የሚወርደው ቅጠልና አበባ የራሱ የከበረ ስም አለው። በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መግቢያ ላይ በቀለም የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥ «ሐረግ» ይባላል፤ ስሙ ከሚጠመጠመው ተክል ጋር አንድ ነው። የዘር ሐረግና የሰዋስው ሐረግም ስላሉ በካርድ ማተሚያ ቤት ትእዛዝ ሲሰጡ «የሐረግ ጌጥ» ብለው ቢገልጹ አያሳስትም።

ስለ ንግግር ሲጻፍ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «በምሳሌ ያሸበረቀ ንግግር» ምስጋና ነው፤ «በቃላት ያሸበረቀ ንግግር» ግን ፍሬ እንደጎደለው በጨዋ ቋንቋ መናገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሽማግሌዎችን ምርቃት «ያማረ» ማለቱ ይመረጣል።

በመጨረሻም የአጻጻፍ ነገር አለ፦ «በያሸበረቀ» እና «ከያሸበረቀ» ስሕተት ናቸው፤ ትክክለኞቹ «ባሸበረቀ» እና «ካሸበረቀ» ናቸው። እንግዲህ «ሙሽራዋ ያሸበረቀ ቀሚስ ለብሳ በያሸበረቀ አዳራሽ ገባች» የሚለው መግለጫ ሲቃና «ሙሽራዋ ወርቃማ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ በአበባና በመብራት ወዳሸበረቀው አዳራሽ ገባች» ይሆናል።