ውሃ መቆጠብ ያዋጣ እንደሆነ በጀሪካን አስሉት

አዲስ አበባ፣ ካራ ነው የምንኖረው። የለገዳዲ ግድብ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ቧንቧችን ግን በፈረቃ ነው። ተራው ሲዘለል በጋሪ እንገዛለን። ባለፈው ክረምት ለዝናብ ውሃ ሁለተኛ ሮቶ እንግዛ አልኩ። ባለቤቴ የውሃ ቢሉን አውጥቶ፣ "በዚህ ዋጋ ገንዘባችን መቼ ሊመለስ ነው?" አለኝ።

በቢሉ ብቻ ማስላት ግን ያሳስታል። በመጀመሪያ ለአንድ ወር የምትገዙትን ጀሪካን ቁጠሩ። እኔ ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፌ መስመር እያሰመርኩ ያዝኩ። ባለ 20 ሊትር 24 ጀሪካን ሆነ፤ አንዱ 20 ብር፣ ድምሩ 480 ብር። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ነው። ስለዚህ የጋሪው ውሃ በሜትር ኪዩብ 1,000 ብር ይገባል። ይህን ከቢላችሁ ጋር አስተያዩት። የቆጠባችሁት ውሃ የምትገዙትን እስኪተካ ድረስ በጀሪካን ዋጋ ይታሰባል። ከዚያ የተረፈው በቢል ዋጋ ብቻ ነው። ጋሪ ስትጠብቁ የሚያልፈውን ግማሽ ቀንም አትርሱት፤ እሱም ወጪ ነው።

ቀጥሎ የሚፈሰውን ፈልጉ። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይለቀው። የእኛን ሄጄ ሳይ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ሆኗል! ለካ ሮቶው ከፈረቃው በፊት የሚያልቀው ሌሊቱን ሙሉ በዚያ እየወረደ ነው። ለጎማና ለቧንቧ ሠራተኛ 400 ብር ከፈልን። በሚቀጥለው ወር የገዛነው 15 ጀሪካን ነው። በሁለት ወር ከምናምን ወጪው ተመለሰ።

ሮቶውን ማሰብ ያለባችሁ ከዚህ በኋላ ነው፣ በአዲሱ ቁጥር። የቀረን 15 ጀሪካን፣ 300 ብር ነው። ዝናቡ ደግሞ የሚጠቅመን በክረምት ነው፤ በጥር ሮቶው ባዶውን ይቆማል። ጣሪያውንም ለኩ፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። በእኛ 30 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 300 ሊትር ይሆናል። አምስት አንዱ ባከነ ብትሉ እንኳ 240 ይተርፋል። አንድ ጥሩ ዝናብ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል ማለት ነው።

እኛም ሮቶውን ትተን አሸንዳና በርሜል ገዛን። የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ እንደፋለን፣ በርሜሉን እንከድናለን። ለልብስና ለወለል እንጂ ለመጠጥ አናውለውም።