ጂኦሜትሪ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ የ«ከሆነ» ስህተቶች

የጂኦሜትሪ ፈተና ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርስብኝ የስሌት ስህተት አይደለም። ስሌት በልምምድ ይቃናል። የሚያስቸግረኝ ተማሪው እውነተኛ ነገር ይዞ ሳለ አቅጣጫውን ሲያዞርብኝ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የማስተምራቸው ልጆች ፈጣኖች ናቸው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይወረውራሉ። ይህ ፍጥነት አልጀብራ ላይ ሲጠቅማቸው አያለሁ፤ «ከሆነ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ያደናቅፋቸዋል። ስህተቶቹን የደረደርኳቸው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሚያናድዱኝ መጠን ነው።

ግልባጩን እንደ ዋናው ቲዎረም መቁጠር

«አንድ ጎነ አራት ካሬ ከሆነ ዲያጎናሎቹ እኩል ናቸው።» እውነት ነው። ቀጥሎ ዲያጎናሎቹ እኩል የሆኑ ጎነ አራት ይሰጥና ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠየቃል። ከክፍሉ ብዙው «ስለዚህ ካሬ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከየት አመጣችሁት? ቲዎረሙ ከካሬ ተነሥቶ ወደ ዲያጎናል ይወስዳችኋል እንጂ ከዲያጎናል ወደ ካሬ እመልሳችኋለሁ አላለም። እንዲህ «ከሆነ» ፊትና ኋላ ያሉት ቦታ ሲለዋወጡ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ግልባጭ ይባላል። ሬክታንግልም እኮ ዲያጎናሎቹ እኩል ናቸው።

ይህን ስናገር «እሺ፣ እንግዲያው ሬክታንግል ነው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። እሱም አይደለም። ታችኛው ጎን 10፣ ላይኛው 4፣ ግራና ቀኙ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትራፒዚየም ሥሩና ዲያጎናሎቹን በማስመሪያ ለኩ፤ ሁለቱም ከ8 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣሉ። አራቱን ዘዌዎች ብትፈትሹ አንድም 90 ዲግሪ የለበትም። ትራፒዚየም እንኳ መሆን የለበትም። ሁለት እኩል እስክሪብቶዎች እንደፈለጋችሁ አቋርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አራቱን ጫፎች በመስመር አገናኙ፤ ዲያጎናሎቹ እኩል የሆኑ፣ ስም የሌለው ጎነ አራት ታገኛላችሁ።

አሁንም ላልገባው ወደ ሐረር እወስደዋለሁ። አንድ ሰው ጀጎል ግንብ ውስጥ ካለ ሐረር ከተማ ውስጥ አለ። ሐረር ከተማ ውስጥ ካለስ ጀጎል ውስጥ አለ ማለት ነው? በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ሐረር የገባ ሰው ሁሉ ከግንቡ ውጪ ስንት ሰፈር እንዳለ ያውቃል፤ ይህን ጥያቄ የሚሳሳት ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ያው ልጅ ወደ ካሬው ሲመለስ ግን የመለሰውን ይረሳዋል።

ግልባጭ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ዩክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ 47ኛው ቲዎረም ላይ የፓይታጎረስን ቲዎረም አረጋገጠ፤ 48ኛው ላይ ደግሞ ግልባጩን ለብቻው አረጋገጠ። 5ኛው ላይ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት የመሠረቱ ዘዌዎች እኩል መሆናቸውን ያሳያል፤ ዘዌዎቹ እኩል ከሆኑ ጎኖቹም እኩል ናቸው የሚለው 6ኛው ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ የትይዩ መስመሮቹ ጉዳይ ነው። ሁለት መስመሮችን ሌላ መስመር ሲቆርጣቸው ተለዋጭ የውስጥ ዘዌዎቹ (በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ከቆራጩ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው ያሉት) እኩል ከሆኑ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው፤ ይህ 27ኛው ነው። መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ ዘዌዎቹ እኩል ናቸው የሚለው ደግሞ 29ኛው ነው፤ እሱን ለማረጋገጥ ዩክሊድ ያለ ማረጋገጫ ከተቀበላቸው መነሻ ሐሳቦች እስከዚያ ድረስ ያልነካውን አምስተኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ መጠቀም ግድ ሆኖበታል። አንዱ አቅጣጫ ያለዚያ ሐሳብ ይቆማል፣ ሌላው አይቆምም። ይህን ያየ ሰው «ያው ነው እኮ» ሊለኝ አይገባም።

ሳቢያን አካባቢ መሠረት የሚያወጡ ግንበኞች ስታገኙ ቆማችሁ ተመልከቱ። በአንዱ ክር ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ይለኩና ምልክት ያደርጋሉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ክሩን ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ። ሲሞላ ማዕዘኑ ወጣ። ተማሪዎቼን ይህ የትኛው ቲዎረም ነው ብላቸው በአንድ ድምፅ «ፓይታጎረስ!» ይላሉ። አይደለም፤ ግልባጩ ነው። ፓይታጎረስ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን አውቃችሁ ስለ ጎኖቹ የሚነግራችሁ ነው። ግንበኛው በእጁ ያለው የጎኖቹ ልክ ነው፤ የሚፈልገው ማዕዘኑን ነው። ግንበኛው ቤቱ ሬክታንግል መውጣቱን ሲያረጋግጥም ዲያጎናሎቹን ብቻ ለክቶ አይሄድም፤ በመጀመሪያ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጎኖች እኩል ያደርጋል፣ ከዚያ ዲያጎናሎቹን ያነጻጽራል። ፊተኛውን ትቶ ኋለኛውን ብቻ ቢለካ ከላይ ያልኩትን ትራፒዚየም ሊገነባ ይችላል። ቲዎረሙን በስም የማይጠራ ሰው ቅድመ ሁኔታዎቹን ሲያሟላ፣ ቲዎረሙን በቃሉ የያዘ ተማሪ ይዘልላቸዋል።

ሁለቱንም ጎን «አይደለም» ማድረግ

«ካሬ ካልሆነ ዲያጎናሎቹ እኩል አይደሉም።» ይህ ያው የፊተኛው ስህተት ነው፣ ልብስ ቀይሮ መጥቶ። ግልባጩ ሐሰት ከሆነ ይህም ሐሰት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይወድቃሉ።

የሚሠራው ሁለቱንም ማድረግ ነው፦ ቦታ ማለዋወጥና ሁለቱንም መካድ። «ዲያጎናሎቹ እኩል ካልሆኑ ካሬ አይደለም።» ኮንትራፖዚቲቭ የሚባለው ይህ ነው፤ ከዋናው ጋር ምንጊዜም እኩል እውነት ነው። ተማሪ ስሙን ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ አይሠራበትም፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አቋራጩ መንገድ እሱ ነው። አንድ ጎነ አራት ፓራሌሎግራም አለመሆኑን አሳዩ ከተባላችሁ ዲያጎናሎቹ እኩል ለሁለት እንደማይከፋፈሉ ማሳየት ይበቃል።

ሲካድ ደግሞ በልክ ይካድ። «ሦስቱም ዘዌዎች 60 ዲግሪ ናቸው» የሚለው ሲካድ «ቢያንስ አንዱ 60 ዲግሪ አይደለም» ይሆናል እንጂ «አንዳቸውም 60 ዲግሪ አይደሉም» አይሆንም።

ሥዕሉን ምስክር ማድረግ

ባለፈው አንዱ ተማሪዬ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጎነ ሦስቶችን አቻ ናቸው (በቅርጽም በልክም አንድ ናቸው) ብሎ ሲጨርስ ምክንያቱን ጠየቅኩት። የድሬ ልጅ ታላቁንም «አንተ» ማለት አይከብደውምና «ተመልከታቸው እንጂ፣ እኩል አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ተመለከትኳቸው። በእርግጥ እኩል ይመስላሉ፤ የሣላቸውም እሱ ነው።

የተሰጠው ግን ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያልሆነ ዘዌ ነበር። ይህ አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ደግሞ በኮምፓስ ይታያል። ሀ ላይ 30 ዲግሪ ዘዌ ሥሩ። በአንዱ ክንድ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ለ በሉት። ኮምፓሱን 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታችሁ ለ ላይ ትከሉና ሌላውን ክንድ ቁረጡ። ሁለት ቦታ ይቆርጣል፦ አንዱ ከሀ 5.3፣ ሌላው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ። የተሰጡት ሦስት ልኮች በሁለቱም ላይ አሉ፤ አንደኛው ጎነ ሦስት ግን ቀጭን፣ ሌላው ሰፊ ነው። ልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለሣለ ሌላው መኖሩን ሥዕሉ ሊነግረው አልቻለም።

ሥዕል ሣሉ፤ ያለ ሥዕል ጂኦሜትሪ የሚሠራ አላየሁም። ነገር ግን እንደሚመቻችሁ አድርጋችሁ አትሣሉት። ጎነ ሦስት ከተባለ ጎኖቹ የተበላለጡ፣ ዘንበል ያለ፣ የማያምር አድርጉት፤ ያላረጋገጣችሁት እኩልነት ያን ጊዜ ዓይናችሁን አያታልለውም።

መስመሩን ከሚችለው በላይ ማዘዝ

ይህ ጎበዞቹ የሚሠሩት ነው። ጎነ ሦስት ሀለመ ተሰጥቷል፤ ሀለ እና ሀመ እኩል ናቸው፤ ለ እና መ ላይ ያሉት ዘዌዎች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። ጎበዙ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከሀ ተነሥቶ መሠረቱን እኩል ለሁለት የሚከፍልና በ90 ዲግሪ የሚያርፍ መስመር እንሥራ።» እዚያው ላይ ነጥቡን ቀነስኩ። ከሀ ወደ መሠረቱ አጋማሽ መስመር ማውረድ ይቻላል። ከሀ በ90 ዲግሪ የሚያርፍ መስመር ማውረድም ይቻላል። ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው ያለው ማን ነው? ጎኖቹ በተበላለጡ ጎነ ሦስት ውስጥ የተለያዩ መስመሮች ናቸው። አንዱን ምረጡ። ለምሳሌ የመሠረቱን አጋማሽ ረ በሉትና ከሀ ጋር አገናኙ። አሁን ሀለረ እና ሀመረ ሦስቱም ጎኖቻቸው እኩል ስለሆኑ አቻ ናቸው፤ የተፈለጉት ዘዌዎች እኩል ሆነው ይወጣሉ፤ 90 ዲግሪውም ሳትለምኑት ይመጣል። ፊት ላይ የሰረቃችሁት ነገር መጨረሻ ላይ በነፃ የሚሰጣችሁ ነበር።

ምሳሌ ቆጥሮ ማረጋገጥ

«አምስት ጊዜ ሞክሬ ሠርቷል» የሚል ተማሪ ሲመጣ ክብ አሠራዋለሁ። ክቡ ዙሪያ ላይ ነጥቦች ያስቀምጥ፣ ሁሉንም እርስ በርስ በመስመር ያገናኝ፣ ክቡ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ይቁጠር። በ2 ነጥብ 2፣ በ3 ነጥብ 4፣ በ4 ነጥብ 8፣ በ5 ነጥብ 16። በ6 ስንት ይሆናል ስል ሳይሥል «32» ይላል። ሥለው እለዋለሁ። ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ እንዳይገናኙ ተጠንቅቆ ከሠራው 31 ነው። ደግሞ ይቆጥራል፣ ጓደኛውን ያስቆጥራል፣ አንድ ቦታ ጠፍቶበት እንደሆነ ይፈልጋል። የለም። ማፍረስ ግን በአንድ ምሳሌ ይቻላል፤ ስለዚህ «ሐሰት ነው» ስትሉ አንዷን ምሳሌ ጻፉልኝ እንጂ ሐተታ አታብዙ።

በየመስመሩ ፊት «ምክንያት፦ የተሰጠ» ብሎ መሙላትም ልማድ ሆኗል። የተሰጠው ጥያቄው ላይ ያለው ብቻ ነው።

ትርጓሜን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጠቀም

ከላይ ስለ ግልባጭ የተቆጣሁትን የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ ከልክ በላይ ይፈራሉ። ትርጓሜ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ፓራሌሎግራም ማለት ሁለቱም ጥንድ ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ጎነ አራት ነው፤ እንግዲያው ሁለቱም ጥንዶች ትይዩ መሆናቸውን ካሳያችሁ ፓራሌሎግራም ነው ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፣ ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅበትም።

የማይሆን ቅድመ ሁኔታ

በእውነት ወይስ ሐሰት ጥያቄ ላይ ይህ ብቅ ይላል፦ «አንድ ጎነ ሦስት ሁለት የ90 ዲግሪ ዘዌዎች ካሉት ጎኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው።» በወረቀት ላይ በምንሠራው ጂኦሜትሪ እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም፤ ሁለቱ ብቻቸውን 180 ዲግሪ ይሞላሉ፣ ለሦስተኛው የሚተርፍ የለም። ተማሪው ይህን አይቶ «ሐሰት» ብሎ ያልፋል። ሐሰት ለማለት ቅድመ ሁኔታውን አሟልቶ መደምደሚያውን የሚያፈርስ አንድ ጎነ ሦስት ማምጣት አለበት፤ ያንን ጎነ ሦስት ደግሞ ከየትም አያመጣውም። መልሱ «እውነት» ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ክፍሉ ይንጫጫል፤ ጫጫታው እስኪበርድ ቆይቼ «ሐሰት» ያለውን ተማሪ ወደ ሰሌዳ ወጥቶ ጎነ ሦስቱን እንዲሥልልኝ እጠይቀዋለሁ።