ሲኤምዲን በአድሚን ስትከፍቱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምውለው። በሲኤምዲ፣ ማለትም ትእዛዝ እየተጻፈ ዊንዶውስ በሚታዘዝበት ጥቁር መስኮት፣ ተነካክቶ የሚመጣልኝን ኮምፒውተር ስከፍት ትእዛዙ ራሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሰውዬው ግን መስኮቱ በምን ሥልጣን እንደተከፈተና የት ላይ እንደቆመ አላየም።

«አካውንቴ አድሚን (በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው) ነው» ብሎ ሲኤምዲን ዝም ብሎ መክፈት አንዱ ስህተት ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ አድሚኑንም ቢሆን በተራ ተጠቃሚ መብት ነው የሚያሠራው። ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲስተሙን የሚፈትሸው ኤስኤፍሲ አልሠራም ካላችሁ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ጻፉና ራን አዝ አድሚኒስትሬተር የሚለውን ምረጡ። ኮንትሮልና ሺፍትን ይዛችሁ ኢንተር ብትጫኑም ይሆናል። ከዚያ የመስኮቱን አናት አንብቡ። አድሚኒስትሬተር የሚል ካልተጻፈበት በአድሚን አልተከፈተም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሲኤምዲ በተራው ሲከፈት በስማችሁ የተሰየመው ፎልደር ውስጥ ይቆማል። በአድሚን ሲከፈት ግን የሚያርፈው ሲስተም32 ውስጥ ነው። የዊንዶውስ ሆድ ዕቃ በሉት። የቆማችሁበት ቦታ ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር መጀመሪያ ላይ ከፊታችሁ ተጽፏል፤ የሚያነበው ሰው ግን የለም። ለምሳሌ አንዱ ፍላሹን ቫይረስ ሞላበት እንበል። ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ፍላሹን ባዶ ሊያደርግ ፈለገ። ፎልደር መቀየሪያ በሆነው ትእዛዝ ሲዲ ብሎ የፍላሹን ፊደል ይጽፋል፣ ኢንተር ይመታል። ሲኤምዲ ተሳስተሃል አይለውም። መስመሩ ግን ከሲስተም32 ንቅንቅ አላለም፤ ሲዲ ብቻውን ከድራይቭ ወደ ድራይቭ አያሻግርምና። ልጁ ፍላሹ ውስጥ የገባ መስሎት ፋይል ማጥፊያውን ዴል፣ «ሁሉንም» ከሚለው የኮከብ ምልክት ጋር ይለቅበታል። ዊንዶውስ የተወሰኑትን ፋይሎች አላስነካም ይላል፤ የቀሩት ይሄዳሉ። በዴል የጠፋ ፋይል ደግሞ ሪሳይክል ቢን አይገባም። ኧረ እባካችሁ፣ መስመሩን አንብቡ! ፍላሹ ኤፍ ከሆነ ኤፍና ሁለት ነጥብ ብቻ ጻፉና ኢንተር በሉ። መስመሩ በኤፍ ሲጀምር ካላያችሁ ምንም አትጻፉ። ደግሞ ፍላሽ ላይ የተደበቀ ፋይል በአትሪብ ለማውጣትም ሆነ የፍላሽ ፋይሎችን በዴል ለማጥፋት አድሚን መሆን ጭራሽ አያስፈልግም።

ዲስክ የሚያስተካክለውን ዲስክፓርትን በአድሚን ከፍቶ የዲስኩን ቁጥር መሳትም አለ። አንዲት ተማሪ ፍላሽ ልታስተካክል ብላ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ክሊን በሚለው ማጽጃ ትእዛዝ አጸዳችው። ሁለቱም ተሰክተው ነበር፤ እሷ 1 ቁጥሩን መረጠች፣ ፍላሹ 2 ነበር። ክሊን «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ደግነቱ ደንግጣ ምንም ሳትጽፍበት ወዲያው ይዛው መጣች። ተራው ክሊን የሚሰርዘው የፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍፍል) መዝገብ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፋይሉን ለማውጣት ተስፋ አለ። የእሷም ወጣ። እናንተ ግን የማትፈልጉትን ዲስክ ቀድማችሁ ንቀሉ፣ ዲስኮቹን ለመዘርዘር ሊስት ዲስክ ስትሉ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መጠን እዩ። 16 ጊጋ ፍላሽና 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ አይምታታም።

ቢሮ ውስጥ በኔትወርክ የተያያዘው ድራይቭ በአድሚኑ መስኮት ላይ ካልታያችሁ አልጠፋም። በተራው መብት የተያያዘ ድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይታይም።

የአድሚን ፓስወርድ ያስገባላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ መስኮቱ የሚሠራው በእሱ አካውንት ነው። የእናንተን ዴስክቶፕ እዚያ አትፈልጉ።

በአድሚን ስትከፍቱ ዊንዶውስ ልፍቀድ ወይ ብሎ የሚያመጣው የማረጋገጫ ጥያቄ ሰለቸን ብላችሁ አታጥፉት። ከቴሌግራም የተገለበጠ የዊንዶውስ ማግበሪያ (አክቲቬት ማድረጊያ) ትእዛዝ ምን እንደሚያወርድ ሳታውቁ በአድሚን አትለጥፉ። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን ተጭናችሁ የሆነ ነገር እንድትለጥፉ የሚያዝ ገጽ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌባ ነው፤ ዝጉት።

ሥራችሁን ስትጨርሱ የአድሚኑን መስኮት ዝጉ። ከዚያ መስኮት የምታስነሱት ፕሮግራም፣ ተራው ኖትፓድ እንኳ ቢሆን፣ ያንኑ ሥልጣን ይዞ ነው የሚነሳው።