ከመክፈላችሁ በፊት ሰዓቱን ይዛችሁ ከሱቁ ውጡ

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ የማሠራቸው ጀማሪ ሯጮች አሉኝ፤ የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ሁለት ጡረተኞች፣ ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ያለው ነጋዴ። ከጫማ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ሩጫ ሰዓት ነው። የሚያናድደኝ የሚጠይቁኝ ከገዙ በኋላ መሆኑ ነው። እጃቸውን ዘርግተው «አሰልጣኝ፣ እንዴት ናት?» ይላሉ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ምን ይባላል? «በጤና አድርጋት» ብዬ አልፋለሁ።

ይህን የምጽፈው ገና ላልገዙት ነው።

ስሙ ጂፒኤስ፣ ግብሩ እርምጃ ቆጣሪ

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሣጥኑ ላይ «ጂፒኤስ» (ያላችሁበትን ቦታ ከሳተላይት ምልክት የሚያውቅ) ተብሎ ተጽፏል፣ ሻጩም «አለው» ብሏል። ሻጩ ዋሸ ለማለትም ያስቸግራል፤ ሰዓቱ የሚጠቀመው በስልካችሁ ጂፒኤስ ነው። ስልኩን ይዛችሁ ካልሮጣችሁ በቀር የእጃችሁን ውዝዋዜ እየቆጠረ፣ ከቁመታችሁ የእርምጃችሁን ርዝመት እየገመተ ኪሎ ሜትር ያመርታል። ዳገት ላይ እርምጃ እንደሚያጥር ምን ያውቃል? ከዚህ የባሰም አለ፦ የውድ ሰዓት መልክ ብቻ የተገለበጠበት፣ ስክሪኑ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ግን ከእርምጃ ቆጣሪ ያላለፈ።

ለታላቁ ሩጫ የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሠፈሯ ውስጥ ብቻዋን ትለማመዳለች። ሦስት ወር ሙሉ «ዛሬም 10 ኪሎ ሜትር ጨረስኩ» ስትለኝ እኔም እኮራባት ነበር። አንድ እሑድ አብረን ወጣን። የእኔ ሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከ300 ሲል የእሷ ነዘረና «10» አለ። ፊቷ በርቶ ቆመች። የእኔን እጅ አየች፣ የራሷን አየች፣ ከዚያ ሰዓቱን ፈትታ ኪሷ ከተተችው። እስክንመለስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ያንን ዝምታ ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ በእሷ አይደለም።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስልካችሁን አጥፉ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ከፈለገም አብሮ ይምጣ፣ ሰዓቱን ይዛችሁ ሰማይ ወደሚታይበት ቦታ ውጡ። «ሩጫ» የሚለውን ክፈቱ። የራሱ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ሳተላይት መፈለግ ይጀምራል፤ የሌለው «ስልክዎን ያገናኙ» ይላል ወይም ምንም ሳይፈልግ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል። ሱቁ ውስጥ መሞከር ዋጋ የለውም። ሰዓቱ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ያስፈልገዋል፤ ያ ምልክት ደግሞ 20,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ደካማ ነገር ነው፣ የፎቅ ጣሪያ አይበሳም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ሰዓት መጀመሪያ ሲከፈት ሊዘገይ ይችላል። ሳተላይቶቹ ሁሉ የት የት እንዳሉ የሚናገረው መረጃ ከሰማይ ተልኮ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በስልኩ መተግበሪያ በኩል መረጃውን ቀድሞ ከጫነ ግን በሰከንዶች ይይዛል። ስለዚህ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ሜዳ ላይ አስቀምጡትና ሻይ ጠጡ።

በጣት የሚነካ ስክሪን ብቻ ያለው መግዛት

ይህኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። መስታወቱ አምሮኝ ነበር። ሐምሌ ላይ እንጦጦ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ዝናቡ ጀመረ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሮጬ ስወርድ እጄን አየሁ፦ 23ኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል። የዝናብ ጠብታ ነክቶ አስቁሞታል። ላብም ያው ነው፣ በብርድ የደነዘዘ ጣትም ያው ነው። ቁልፍ ያለውን ግዙ፤ ሳታዩ በዳሰሳ የምትጫኑትን።

ሁሉን የሚችለውን መፈለግ

ሙዚቃ፣ ካርታ፣ የእንቅልፍ ውጤት፣ የክፍያ ካርድ። ጀማሪ የሚያስፈልገው ርቀት፣ ጊዜ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ (ሯጮች «ፔስ» የምንለው) እና የዙር ቁልፍ (እያንዳንዱን ዙር ለየብቻ የሚይዝ) ነው። ለዚህ ደግሞ የዘንድሮ ሞዴል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጋርሚን ፎርራነር 55 አምስት ቁልፍ አለው፣ 37 ግራም ይመዝናል፣ ጂፒኤሱ በርቶ እስከ 20 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኮሮስ ፔስ 2 ከጨርቅ ማሰሪያው ጋር 29 ግራም ነው፤ ባትሪው ጂፒኤሱ በርቶ 30 ሰዓት ይደርሳል። ሁለቱም አሮጌ ናቸው፤ እኔ የምወዳቸው ለዚያ ነው፤ አዲስ ሲወጣ የእነሱ ዋጋ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር «ሠላሳ ደቂቃ ልሩጥ» ለሚል ሰው ካሲዮ ይበቃል። እኔ በልጅነቴ ኤፍ-91 ደብሊው አስሬ ነበር ጃንሜዳን የምዞረው። የሩጫ ሰዓት ቆጣሪው አንድ ሰዓት ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስሮጥ አቅም ስላልነበረኝ አልተጣላንም።

ባትሪው ላይ የተሳሳተውን ቁጥር ማንበብ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «14 ቀን» ሰዓቱ እጅ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ብቻ ሲያሳይ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ጂፒኤስ በርቶ ስንት ሰዓት የሚለውን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በትንሽ ፊደል ታች ይገኛል። መብራት በሚጠፋበት ሠፈር ለምትኖሩ ይህ ቁጥር ከቀለሙ ይበልጣል። ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ የተቀመጠውን አማራጭም ዝጉት። አንዳንዱ ሰዓት በየሰከንዱ ያለበትን ቦታ መመዝገቡን ትቶ አልፎ አልፎ ብቻ ይመዘግባል፣ መካከሉን በቀጥታ መስመር ያገናኘዋል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ለሚመላለስ ሰው ይህ ጥፋት ነው፤ መዞሪያዎቹን ሁሉ ይቆርጣቸዋል።

ቻርጀሩ የጠፋበትን ያገለገለ ሰዓት አትግዙ። የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይሆንም። የቀድሞው ባለቤትም ሰዓቱን ከራሱ መለያ (አካውንት) ላይ እናንተ ፊት ያጥፋው።

ሰዓቱን ባልሠራው ወንጀል መክሰስ

ከእያንዳንዱ ታላቁ ሩጫ በኋላ የሚደርሰኝ ክስ አለ፦ «ሰዓቴ 10 ኪሎ ሜትር ከ250 አለኝ፣ ተበላሽቷል።» አንዳንዱም መንገዱን ያዘጋጁትን ይከሳል። የውድድር መንገድ በሥርዓቱ የሚለካው ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው በአጭሩ መስመር ላይ ነው፤ እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። እናንተ በሕዝብ መካከል እየተሹለከለካችሁ፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ዳር እየወጣችሁ፣ ፎቶ ወደሚነሳ ጓደኛ እየተመለሳችሁ ሮጣችሁ። ትርፉን የሮጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የቀረውን ጥቂት ሜትር የጨመረው ደግሞ የፎቆቹ ግድግዳ ነው። ምልክቱ ግድግዳ ነክቶ ነጥሮ ሲመጣ ሰዓቱ ማዶ ያላችሁ ይመስለዋል።

መም (የስታዲየም መሮጫ) ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ዙር 400 ሜትር መሆኑ እየታወቀ ሰዓቱ 412 ስላለ የሚሟገቱኝ አሉ። መሙን እመኑ፣ የዙር ቁልፉን ተጫኑ። ዛፍ ሥር ስትሮጡ ደግሞ በየሰከንዱ የሚቀያየረውን ፔስ እያያችሁ አትፍጠኑ፣ አትዘግዩ፤ ስክሪኑን የዙሩን አማካይ እንዲያሳይ አድርጉት።

በልብ ምት መለኪያው ጥራት ሰዓት የሚመርጡም አሉ። በአረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር ያለውን ደም የሚያነበው መለኪያ በእንጦጦ ማለዳ ብርድ፣ ማሰሪያው ላላ ካለ፣ የልባችሁን ትቶ የእርምጃችሁን ምት ይቆጥራል። በቀላል ሩጫ ላይ 175 ካሳያችሁ ሐኪም ዘንድ ከመሮጣችሁ በፊት ማሰሪያውን አጥብቁ። የልብ ምት የእውነት ካስፈለጋችሁ በደረት ላይ የሚታሰረውን ግዙ። ሰዓቱ «የአካል ብቃትዎ ዝቅተኛ ነው» ሲላችሁም አትደንግጡ። የሚገምተው ፍጥነታችሁን ከልብ ምታችሁ ጋር አነጻጽሮ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ዳገት የምትገፋ ሳንባ ደግሞ ባሕር ጠረፍ ካለችው ጋር አትወዳደርም።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ። ሰዓቶቹ የሚያውቁት የፈረንጁን ሰዓት ነው። የባንኩ ልጅ ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ከእኛ ጋር እንጦጦ ሊወጣ ማንቂያውን 11 ላይ ሞላው። ሃያ ደቂቃ ጠብቀነው ሄድን። ማንቂያው የጮኸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ደንበኛ ፊት ቆሞ ብር እየቆጠረ ነበር። ደንገጥ አለ፣ ሰዓቱን አጠፋና እንደገና ከአንድ ጀመረ።