ልጃችሁ ከቡድኑ ጋር ለጎቲያ ካፕ (የልጆችና የወጣቶች እግር ኳስ ውድድር) ስዊድን ሊሄድ ነው?

ፓስፖርቱን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። አሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ አዲስ ለማውጣት ደግሞ ልጁ ከሁለቱም ወላጆች ጋር መቅረብ አለበት፣ አንዱ ካልተመቸው በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ፎርም ይሰጣል። እናንተ ካልሄዳችሁ የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት የጉዞና የሕክምና ፈቃድ ለአሰልጣኙ ስጡት። ይህን ለነገ አትበሉ!

ታኬታው በእጅ ሻንጣ ይግባ። ሻንጣ ቢዘገይ ማሊያ ይዋሳል፣ እግሩ የለመደው ታኬታ ግን ከየት ይመጣል?

ብዙ ቡድኖች የሚያድሩት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ስለሆነ የሚነፋ ፍራሽና አንሶላ ያዙ። የዓይን መሸፈኛም ጨምሩ፤ ውድድሩ የሚካሄድበት ከተማ ጎተንበርግ በጁላይ ቶሎ አይጨልምም፣ ልጆቹ ደግሞ ጠዋት ጨዋታ አለባቸው።