በደጋ ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ ሙቀት መላሽ ማናፈሻ ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም ወርዶ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል። እንዲህ ባለ አገር ከሳንዱች ፓነል ቤት የሚያቆም ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ብርዱ እንዳይገባ ነው። ነገር ግን በሁለት ላሜራ መካከል ፎም የታሸገበት ግድግዳ ብርድን ብቻ አይከለክልም፤ እርጥበትንና የታመቀ አየርንም ውስጥ ያስቀራል። የመንዝ የድንጋይ ቤት በሣር ክዳኑ በኩል ራሱ ይተነፍስ ነበር። ተገጣጣሚው ቤት ካላስተነፈሱት አይተነፍስም።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ሙቀት መላሽ ማናፈሻ ነው። አንደኛው ማራገቢያ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት የረጠበውን ሞቃት አየር ስቦ ያወጣል፤ ሁለተኛው ንጹሑን አየር ከውጭ ወደ መኝታ ቤትና ሳሎን ያስገባል። ሁለቱ አየሮች በሙቀት መለዋወጫው ስስ ንጣፎች ግራና ቀኝ ሳይቀላቀሉ ሲተላለፉ፣ ወጪው ሙቀቱን ለገቢው ይለቅለታል። ጥሩ መሣሪያ ሊወጣ ከነበረው ሙቀት 80 ከመቶውን ያህል ይመልሳል። በዚሁ አካባቢ በጥቂት ቤቶች ገጥሜዋለሁ፤ ከታች የምጽፈውም ከእነዚያ ቤቶች የተማርኩትን ነው።

ማሞቂያ ነው ብሎ መግዛት

መሣሪያው ሙቀት አይፈጥርም። ብርድ ልብስ እንጂ ምድጃ አይደለም፤ ብርድ ልብስ ሲያመርት ለኖረ ከተማ ይህን ማስረዳት አይከብድም። አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት ውጪው 5፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ቢሆንና በሰዓት 200 ሜትር ኩብ አየር ቢለወጥ፣ በእኛ ከፍታ 700 ዋት ገደማ ሙቀት ከአየሩ ጋር ይወጣል። መሣሪያው ከዚህ ውስጥ ከ550 ዋት በላይ ይመልሳል፤ በደንብ ከተገጠመ ራሱ የሚበላው ከ100 ዋት በታች ነው። የጎደለውን የሚሞሉት የሰዉ ገላ፣ ምጣዱ፣ ቀን በመስኮት የሚገባው ፀሐይና ካስፈለገ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናቸው።

ማንደጃ ማስገባት

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ቤቱ በማናፈሻው ብቻ እንደማይሞቅ ያየ ሰው ማታ ማታ ከሰል ያቀጣጥላል፤ “ማናፈሻው ጭሱን ያወጣዋል” ብሎም ልቡን ጥሎ ይተኛል። ከሰል በደንብ ሲያያዝ ጭሱ ይጠፋል፣ ፍሙ ይቀላል፤ ሰው ጣጣው አለቀ ብሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክት አይሰማም።

መሣሪያው የተለካው ለሰው ትንፋሽና ለእርጥበት ነው፤ ለፍም አልተለካም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርሱ ይቆማል፣ ከሰሉ ግን መንደዱን ይቀጥላል። ሰው ከሰል የሚያቀጣጥለውም በአብዛኛው መብራት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በታሸገ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ከሰል አይግባ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካገኛችሁ መኝታ ቤት ውስጥ ስቀሉት።

ቡናስ? አንድ ቤተሰብ ዘንድ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ ብዬ ስከራከር፣ የቤቱ እመቤት “ያለ ፍምና ያለ ዕጣን ምኑን ቡና ሆነ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤቱ ገና አልተተከለም ነበርና ነፋስ በማይመታው በኩል በረንዳውን በአንድ ሜትር ተኩል አሰፋነው። ረከቦቱም፣ ማንደጃውም፣ ዕጣኑም ዛሬ እዚያ ናቸው።

የባሕር ጠረፍ ሠንጠረዥን እንዳለ መቀበል

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መመሪያ በአብዛኛው የተሰላው ለባሕር ወለል አየር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ 30 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ለአንድ ሰው ይበቃል የሚለው የተለመደ ስሌት እዚህ ወደ 40 ከፍ ካላለ፣ ጠዋት ሲነቁ ራስ ይከብዳል። ወደ መሐል ሜዳ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ሰው ምክሬ ሌላ ነው፤ እዚያ ችግሩ ሙቀት ስለሆነ ገንዘቡን በጥላና በትልልቅ መስኮት ላይ ያውለው።

መጋጠሚያውን ለሲልከን ብቻ መተው

ቤቱ በየስንጥቁ አየር የሚያስገባ ከሆነ አየሩ በመሣሪያው በኩል አያልፍም፤ ያላለፈ አየር ሙቀቱን አይመልስም። የጀርመኑ ፓሲቭ ሃውስ (በጣም ትንሽ ማሞቂያ ብቻ የሚያስፈልገው ቤት) መስፈርት በ50 ፓስካል ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ እንዳይለወጥ ይጠይቃል። እዚያ መድረስ ባይቻል እንኳን ስንጥቁን መፈለግ ይቻላል።

አንድ ማታ ገቢውን መስመር ሸፍኜ ወጪውን ብቻ አስነሣሁ፤ ቤቱ በየቀዳዳው አየር መሳብ ጀመረ። ጧፍ አብርቼ እፍ ብዬ አጠፋሁና ክሩ የሚያጨሰውን ቀጭን ጭስ ይዤ ግድግዳውን ዳር ዳሩን ሄድኩ። ነበልባሉን ማጥፋት ግድ ነው፤ ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል። በፓነሉ መካከል ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ጥግ ስደርስ ተቆልምሞ ወደ ፊቴ ዞረ። እጄን ባስጠጋው ብርዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል። ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባም እንዲሁ ሆነ። ላሜራ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ አቧራ ሳይጠረግ የተቀባ ሲልከን በጥቂት ወር ይላቀቃል። መጋጠሚያው ገና ሲገጠም ላሜራው ተጠርጎ በመካከሉ የሚለጠጥ የላስቲክ ማሸጊያ ይግባበት፤ ሲልከኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቱቦውን ራቁቱን በኮርኒስ ላይ ማሳለፍ

አንድ የቤት ባለቤት በታኅሣሥ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ “ጣሪያው ያፈሳል” ብለው ጠሩኝ። ሌላ ባለሙያ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ደፍኖላቸው ነበር። ኮርኒሱን ከፍቼ ስወጣ ከመታጠቢያ ቤት የሚመጣው ቱቦ ምንም ሳይለብስ በቀዝቃዛው ጣሪያ ሥር ተዘርግቷል። የረጠበው ሞቃት አየር በውስጡ ሲያልፍ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ውሃው በመጋጠሚያው እየወጣ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። የጂፕሰሙ ጥግ በሻጋታ ጠቁሮ ነበር። ቱቦው በሙቀት መከላከያ ይሸፈን፣ ወደ መሣሪያው ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ውሃም የራሱ መውረጃ ይኑረው።

አየሩን ከጎረቤት ማድቤት አጠገብ መሳብ

በእኛ አካባቢ ጠዋትና ማታ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነድዳል። የመሳቢያው አፍ በዚያ በኩል ከሆነ ጭሱን በገንዘባችሁ ገዝታችሁ መኝታ ቤት ታስገባላችሁ። ቦታው ከመወሰኑ በፊት ንጋት ላይ ቆማችሁ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። መሳቢያውንና ማስወጫውንም አራርቁ፤ ያለዚያ ቤቱ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ማጣሪያው በውቂያ ወራት የገብስ እብቅና አቧራ ስለሚጠጣ በየወሩ ይታይ። ቁሌት ከሚጠበስበት ምድጃ በላይ የሚቀመጠው መሳቢያ ቅባት የሚይዝ የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ማስገቢያውን ከአልጋ ራስጌ ላይ መክፈት

አንዲት እናት ማስገቢያውን በነጠላ ወትፈው አገኘኋቸው። “ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ነፋሱ አንገቴን ይመታኛል” አሉኝ። ውጪው 5፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሲሆን በመሣሪያው ሞቆ የሚገባው አየር 17 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በተኛ ሰው አንገት ላይ ሲወርድ ይበርዳል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም፤ አፉን ወደ መስኮቱ ጥግ አዛወርኩላቸው። ከመኝታ ቤቱ በር ሥርም አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ብርድ ፈርታችሁ በጨርቅ ብትወትፉት የገባው አየር መውጫ ያጣል።

መብራት የሚጠፋበትን ሌሊት አለማሰብ

እያንዳንዱ መኝታ ቤት በእጅ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። መብራት ሲጠፋ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጉና አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደርቡ። ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ስለሚል መሣሪያውን አስቀድማችሁ በስታቢላይዘር በኩል አገናኙት፤ መብራት ሲመጣ ሶፍት ቀድዳችሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባለው መሳቢያ አፍ ላይ አስጠጉ። ሶፍቱ ከተጣበቀ አየር እየሳበ ነው፤ መስኮቱን ዝጉ።